ከመጀመሪያው ጀምሪ

ልጄ የስምንተኛ ክፍልን ፈተና የተፈተነችው ንጉሡ ከመውረዳቸው ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። የምንኖረው ኮልፌ ነበር፤ እኔ ዛሬም እዚያው ነኝ። ቤታችን ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነበር። ከጀርባው ባሕር ዛፍ፣ ከፊቱ ደግሞ ክረምት ሲገባ ጫማ የሚያስቀር መንገድ። አባቷ ከሞተ አራት ዓመት አልፎታል። እኔ ቆጮ እሸጥ ነበር። ከአገር ቤት በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚመጣውን ተቀብዬ፣ ውሃውን ጨምቄ፣ ቃጫውን በቢላዋ ከትፌ፣ ለመጋገር የደረሰውን በየቤቱ አደርሳለሁ። ሥራው እጅን ይይዛል፣ ጆሮን ግን አይይዝም። አልሐምዱሊላህ፣ በዚያ ሥራ ጦማችንን ያደርንበት ቀን የለም።

የባሌ ታላቅ ወንድም ጅማ ውስጥ ሱቅ ነበረው። ባሌ ከሞተ በኋላ አልረሳንም፤ በዒድ ይልክልናል፣ ሰው ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ይልክልናል። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ከዚህ በታች ያለውን የሚያነብ ሰው እንዳይፈርድበት ብዬ ነው። ያን ዓመት በጥር ዕቃ ሊገዛ መርካቶ መጣና እኛ ዘንድ አደረ። ጠዋት ልጅቱ ትምህርት ቤት ከሄደች በኋላ፣ ሚስቱ አምስተኛውን ልጅ ከወለደች ወዲህ ጤና እንዳጣች፣ ቤቱም ሰው እንደሚያስፈልገው ነገረኝ። የወንድሙ ልጅ የእሱም ልጅ እንደሆነች ነገረኝ። ወዴት እንደሚሄድ ገብቶኝ ነበር።

«ትምህርቷስ?» አልኩት።

«ካለፈች እዚሁ ትማር፤ እኔም አግዛለሁ» አለኝ። «ካላለፈች ግን፣ እህቴ፣ እዚህ ቁጭ ብላ ምን ትሆናለች? እኔ ዘንድ ትምጣ። ከልጆቼ ለይቼ አላያትም።»

የተናገረው ትክክል ነበር። የወደቀ ልጅ እንዲደግም ትምህርት ቤቱ ቦታ አልነበረውም፤ ከሥር የሚመጡት ብዙ ነበሩ። «እሺ» አልኩት። ያለችኝ ልጅ እሷ ብቻ ናት። ከእሷ በፊት ሁለት ቀብሬያለሁ። አላህ አንዷን ተወልኝ፣ ምስጋና ለእሱ ይሁን። ካለፈች አብራኝ ትኖራለች፣ ከወደቀች ትሄዳለች። ከጥር እስከ ሰኔ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

እስከ ስድስተኛ ክፍል ድረስ ትምህርቱ በአማርኛ ስለነበር ልጄ ከፊተኞቹ ጋር ነበረች። ሰባተኛ ክፍል ስትገባ ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ሆነ። ሂሳቡን ቁጥር ነውና ተወጣችው። ሳይንሱም ብዙ አልከበዳትም። ያስቸገራት የኅብረተሰብ ትምህርት ነው፤ ልጆቹ በአጭሩ ሶሻል የሚሉት። ምን እንደሚማሩበት ስጠይቃት፣ ስለ ወንዞችና ተራሮች፣ ሕዝቡ በየአገሩ ምን ዘርቶ ምን እንደሚበላ፣ ወደ ውጭ ስለምንልከውና ከውጭ ስለምናስገባው፣ መንግሥት እንዴት እንደሚሠራ ነው አለችኝ። ይህ ሁሉ ዓይኗ ሥር ያለ ነገር ሆኖ ሳለ ለምን እንደከበዳት አልገባኝም።

መጽሐፉ ለአራት ልጅ አንድ ነበር፤ ወደ ቤትም አይወጣም። ስለዚህ መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በእንግሊዝኛ ይጽፋል፣ እነሱ ይገለብጣሉ። ልጄ ሁለት ዓመት የገለበጠችው አንድ ወፍራም ደብተር ሞላ። ጽሕፈቷ ያምራል። ደብተሩን በስኳር ወረቀት ለብጣው ነበር።

እኔ ያን ጊዜ ፊደል አልቆጠርኩም። አማርኛ ማንበብና መጻፍ የተማርኩት ዘግይቼ፣ መሠረተ ትምህርት ሲመጣ ነው። ነገር ግን ምንም ያልተማርኩ ሰው አልነበርኩም። ልጅ ሆኜ አገር ቤት አባቴ ወንዶቹ ቁርኣን ከሚማሩበት ሸህ ዘንድ ወስዶኝ፣ ከግድግዳው ጥግ ተቀምጬ አብሬ ቀርቻለሁ። ሸሁ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ይጽፉልናል፣ እኛ ጮክ ብለን እንላለን። ትርጉሙን የሚነግረን አልነበረም፣ የጠየቀም አልነበረም። አንድ ቃል የተሳሳተ ልጅ ከተሳሳተበት ቦታ አይቀጥልም። ወደ ራሱ፣ ወደ ቢስሚላህ ይመለሳል። ሰሌዳው የሚታጠበውና አዲስ የሚጻፍበት ከላይ እስከ ታች ሳይቆም ሲወርድ ብቻ ነው። እንዲህ ሆኖ የገባ ነገር አይወጣም። ሶላቴን የምሰግደው ያን ጊዜ በያዝኩት ነው፤ ለዚህም ሸሁንም አባቴንም ዱዓ አደርግላቸዋለሁ።

ልጄም የማይገባት ቋንቋ ነው የገጠማት። እኔ ደግሞ የማይገባ ቋንቋ እንዴት እንደሚያዝ አውቃለሁ። ይህን በማወቄ አላህን አመሰገንኩ።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ይህን ነው። ከትምህርት ቤት ትመጣለች፣ ትበላለች፣ የከሰዓቱን ሶላት፣ ዐስርን፣ ትሰግዳለች። ከዚያ ፀሐይ ስትገባ እስከሚሰገደው መግሪብ ድረስ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፣ እኔ ፊት ለፊቷ ቆጮዬን እከትፋለሁ። የአንድ ቀን ድርሻዋን መጀመሪያ ዓይኗን ደብተሩ ላይ አድርጋ ደጋግማ ትለዋለች። በኋላ ደብተሩን ዘግታ ትለዋለች። እንግሊዝኛ አላውቅም፤ ማመንታት ግን አውቃለሁ። ድምፅዋ ትንሽ ከተያዘ፣ ወይ ዓይኗ ወደ ጣሪያው ከሄደ፣ ቢላዋዬን አቆማለሁ።

«ከመጀመሪያው ጀምሪ» እላታለሁ።

«እማ፣ ሦስት መስመር ነው የቀረኝ እኮ።»

«ከመጀመሪያው።»

ትጀምራለች። ቀኑን ከቀኑ ጋር፣ ምዕራፉን ከምዕራፉ ጋር እያያያዝን ሄድን። በመጋቢት መጨረሻ የሰባተኛ ክፍሉን ጨረሰች። በኮልፌ ገበያ የሚያውቁኝ ሴቶች ልጅሽን እንግሊዝ አደረግሻት፣ ነገ ቆጮሽን በሹካ ነው የምትበላው እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። እኔም እስቃለሁ። በልቤ ግን ተስፋ አልነበረኝም። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ልጅቱ በጣም ትታዘዘኝ ነበር፣ ምናልባት እሱ ነው ያስፈራኝ።

አንድ ቀን በትምህርቷ መሀል ሳቀች። እኔ ፊት ስታጠና ከዚያ በፊት ስቃ አታውቅም። ምን እንዳሳቃት ስጠይቃት፣ ደብተሩ ላይ ስለ ኮባ ተጽፏል አለችኝ። ፈረንጆቹ የውሸት ሙዝ ይሉታል አለችኝ።

እጄ እስከ ክርኔ ድረስ ቆጮ ውስጥ ነበር። «ስንት ዓመት ሙሉ የበላነው ውሸት ነው?» አልኳት።

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ አቆምኳትና ከመጀመሪያው ጀምሪ አልኳት፤ በሳቁ አቋርጣ ነበርና።

ጎረቤታችን የጋሞ ሸማኔ ነበር፤ ከነቤተሰቡ ደግ ክርስቲያን። ሴት ልጁ ከልጄ ጋር አንድ ክፍል ነች። ምላሷ የማያርፍ፣ ጉልበቷ ሁልጊዜ አፈር የነካው ልጅ ነበረች። በመጀመሪያ አብረው ያጠኑ ነበር። ጥናታቸው ግን ጥናት አልመሰለኝም። ያቺ ልጅ ግቢያችን መሬት ላይ በእንጨት ካርታ ትስላለች። ከዚያ እንደ ሰኞ ማክሰኞ ጨዋታ በአንድ እግሯ እየዘለለች፣ «ቡና የት ነው?» ብላ ትጮኻለች፤ ልጄ ዘላ ቡና ያለበት ላይ መቆም አለባት። «ዓባይ ከየት ይነሣል?» ትላታለች፤ ትዘላለች። ከተሳሳተች ደግሞ፣ «ሱዳን ገባሽ፣ ፓስፖርት አምጪ» ትላታለች። ጥያቄው ቅደም ተከተል የለውም። ከደብተሩ መጨረሻ ይነሣል፣ ወደ መሀል ይመጣል፣ መጀመሪያው ላይ ያልቃል። ግቢው ሳቅ ብቻ ሆነ።

ሁለት ሳምንት ታገሥኩ። በሦስተኛው ላይ ያቺን ልጅ ጠርቼ፣ ከፈተናው በኋላ እንድትመጣ፣ እስከዚያ ግን ልጄን እንድትተዋት በለሰለሰ ቃል ነገርኳት። አልተቀየመችም።

«እትዬ፣ እርስዎ እኮ ከመምህራችን ይብሳሉ» አለችኝ። ከዚያ ወደ ልጄ ዞራ፣ «በይ ቻው፣ ሱዳን ውስጥ ቅሪ» አለቻት።

ካርታውን ጠረግሁት። ልጄ ስጠርግ ቆማ አየችኝ።

በሚያዝያ መምህሩን ለማየት ትምህርት ቤት ሄድኩ። ወጣት ሰው ነው፣ ልብሱ ላይ የጠመኔ ብናኝ ነበረበት። ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝ። ልጄ እንዴት እንደሆነች ጠየቅሁት።

«ልጅዎ ጨዋ ናት» አለኝ። «የምሰጠውን ሁሉ በጥሩ ጽሕፈት ትገለብጣለች። ግን አትጠይቅም። ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን እጇን አውጥታ አታውቅም።»

ደስ አለኝ። በእኛ ዘንድ አስተማሪውን የማትጠይቅ ልጅ በደንብ ያደገች ልጅ ናት። አላህ እንዲያሳድገው፣ እንዲያከብረው መረቅሁት። ስመርቀው አንድ ነገር ሊል አፉን ከፍቶ ነበር። እኔ ምርቃቴን አላቋረጥኩም። እሱም አሜን፣ አሜን ሲል ቆየ፣ ከዚያ ደወል ተደወለ። ያን ቀን ሊነግረኝ የፈለገውን ሳስብ ዓመታት ኖሬያለሁ።

ግንቦት ሲያልቅ ደብተሩ በሙሉ ተያዘ። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው፣ ከዐስር እስከ መግሪብ አይበቃውም ነበርና ለሁለት ቀን ከፍለነው ትለው ጀመር። እኔም እየሰማሁ የየምዕራፉን መጀመሪያ ቃላት በልቤ መያዝ ጀምሬ ነበር። በፈተናው ዋዜማ ጸጉሯን ሠራሁላት፣ እርሳሷን ቀረጽኩላት። ጠዋት በሩ ላይ አቁሜ ይህን ነገርኳት፦

«በቢስሚላህ ጀምሪ። ያላወቅሽውን ግን አውቃለሁ ብለሽ እንዳትጽፊ። ውሸት ከመውደቅ ይከፋል።»

«እሺ እማ» አለችኝ። እንደ ነገርኳትም አደረገች።

ፈተናው ሁለት ቀን ነበር፤ ሶሻል የመጨረሻው ነበር። ያን ቀን በጊዜ መጣች። የመታጠቢያውን ጣሳ አንሥታ ውዱእ አደረገች፣ ሰገደች፣ ከስግደቱም ቶሎ አልተነሣችም። ስትነሣ ፊቷን አየሁና ሥራዬን ተውኩ።

«እማ፣ ጊዜው አለቀብኝ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ቀስ እያልኩ ጠይቄ ያወጣሁት ይህ ነው። ጥያቄው ስድሳ ነበር። እያንዳንዱ አራት ምርጫ አለው፣ የአንዱ ፊደል ይከበባል። ጥያቄው ደግሞ እንደ ደብተሩ አልተደረደረም። አንዱ ስለ ወንዝ ነው፣ ቀጥሎ ያለው ስለ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ ስለ ቡና። ልጄ መልሱ ደብተሯ ውስጥ እንዳለ ታውቃለች። ግን እዚያ ለመድረስ የምዕራፉን ራስ ፈልጋ ከመጀመሪያው ቃል ጀምራ በልቧ መውረድ አለባት። በመሀል ከሳተች ደግሞ ትመለሳለች። እንደዚያ ነው የያዘችው። አንድ ጊዜ ካርታ ነበር፣ ስም የሌለው፣ ፊደል ብቻ የተጻፈበት። ካርታው በደብተሯ ውስጥ ቃል አልነበረውም። እሱን ዘለለችው። የሠራቻቸው ሁሉ ትክክል እንደሆኑ እርግጠኛ ነበረች። ደወሉ ሲደወል ሠላሳ አንደኛው ላይ ነበረች።

«የቀረውን ለምን ዝም ብለሽ አልከበብሽም?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ክፋት የለባትም፣ ልትወቅሰኝ አይደለም። «አላወቅሁትማ» አለችኝ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሸማኔው ልጅ እየሮጠች ገባች። ፈተናው አልቋልና ልትመጣ እንደምትችል ነግሬያት ነበር። ያላወቀችውን ሁሉ ሦስተኛዋን ፊደል እንደከበበች፣ ካርታውን ግን ዓይኗን ጨፍና እንደሠራችው ታወራለች። በግቢያችን ላይ ስትዘል እንደታያት ትናገራለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እትዬ፣ የእርስዎ ጥያቄ ወጥቶልዎታል» አለችኝ። «የውሸት ሙዝ ከሚባለው ተክል ምን ዓይነት ምግብ ይሠራል ይላል። የመጨረሻው ገጽ ላይ። ይቺማ እየሳቀች ሠርታዋለች አልኩ።»

ያቺ ልጅ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየችና ወሬዋን አቆመች። ከፊቴ ቆጮው ተቆልሎ ነበር። እስኪጨልም ድረስ ማንም አላነሣውም።

ውጤቱ እስኪመጣ ሐምሌን በሙሉ ጠበቅን። ዱዓ አደርግ ነበር፤ አላህ የሚያደርገውን ያውቃል፣ እኔም የተጻፈው ወረቀት እንደማይለወጥ አውቃለሁ። በነሐሴ በዝናብ መሀል ያለፉትን ልጆች ቁጥር ለጥፈዋል ተባለ። ጭቃውን ተያይዘን ሄድን። ማንበብ አልችልምና ከኋላዋ ቆሜ ጣቷን ብቻ ተከተልኩ። ጣቷ በቁጥሮቹ ላይ ከላይ ወደ ታች ወረደ። ታች ደረሰና ቆመ። ከዚያ ወደ ላይ ተመልሶ ከመጀመሪያው ጀመረ። እንደገና ሲወርድ እጇን ያዝኩ።

የሸማኔው ልጅ ቁጥር ነበረ። ያለቀሰችው እሷ ናት። ልጄ አላለቀሰችም።

እዚህ ላይ ስለ ልጄ አንድ ነገር መጻፍ ይገባኛል። ዛሬ ጅማ ናት፣ ጤነኛ ናት፣ አምስት ልጆች አሏት፣ ሶላቷን አትተውም። አጎቷ ቃሉን ጠብቆ ከልጆቹ ለይቶ አላያትም። በሕይወት እያለ ተንበርክኬ አመስግኜዋለሁ። ከብዙ እናቶች ይሻላል ዕጣዬ። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፣ አልሐምዱሊላህ እላለሁ። ነገር ግን ዘጠነኛ ክፍል አልገባችም። ከእኔም ጋር አልኖረችም። ልጆቿ የተወለዱት እኔ በሌለሁበት ነው። ይህን ያደረገው አጎቷ አይደለም፣ ፈተናውም አይደለም። ሸሁም አይደሉም፤ እሳቸው ያስተማሩኝ ለሶላት ነው። እኔ ነኝ ላልሆነው ያዋልኩት።

አጎቷ ሊወስዳት የመጣው በመስከረም፣ ትምህርት ቤቶች በተከፈቱ ሳምንት ነው። ጠዋት ጠዋት የኮልፌ ልጆች ደብተር ይዘው በደጃችን ሲያልፉ በሩን ገፋ አደርገው ነበር። ለመሄድ አንድ ቀን ሲቀራት ልብሷን በአንድ ትንሽ ሻንጣ አስገባን። ደብተሩን ልጨምርላት ስል መለሰችው።

«ለአንቺ ይሁን» አለችኝ።

አጎቷ ለመንገድ የሚሆን ዕቃ ሊገዛ መርካቶ ወጣ። ዐስር ሰገድን። እኔ ማድረግ የምችለው ሌላ ስላልነበረ ቆጮዬን አቅርቤ ተቀመጥኩ። ልጄም በርጩማውን ስባ በሩ አጠገብ፣ በቦታዋ ተቀመጠች። ደብተሩ ከውስጥ፣ አልጋው ላይ ነበር። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወደ መንገዱ እያየች፣ ማንም ሳያዛት ከመጀመሪያው ቃል ጀመረች።

ተይ ልላት ፈለግሁ፣ አልቻልኩም። ወንዞቹን አለፈች፣ ተራሮቹን አለፈች። ኮባው ጋ ስትደርስ ቢላዋዬ ቆመ። እሷ ግን አልሳቀችም፣ አላቆመችም፣ ቀጠለች። ጥላው ከደጁ ወደ ቤት ገባ። ከመስጊድ መግሪብ ሲጠራ አንዱን ምዕራፍ ጨርሳ ቀጣዩ ራስ ላይ ደርሳ ነበር። ያኔ ብቻ ዝም አለች።

አንድም ቦታ አልተሳሳተችም። ተነሥተን ውዱእ አደረግን።